የሞቴ ወሬ መንደራችን ሲገባ

ፍኖተ ሰላም ከተማ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳወራ፣ ለካ ፌስቡክ ላይ ሞቼ ነበር። በስምም በአባት ስምም ከእኔ ጋር አንድ የሆነ፣ እንደ እኔው መምህር፣ ሌላ አገር አርፎ ኖሮ፣ የቸኮለ አንድ ገጽ የእኔን ፎቶ ለጠፈለት። እዚያው ከተማ ያሉ ወዳጆቼ እንኳ «ነፍስ ይማር» ብለው ጻፉ። አስፋልቱን ቢሻገሩ በቁሜ ያገኙኝ ነበር፤ ምን ይደረግ፣ ጣት ከእግር ይቀድማል።

ስልኬ ውሃ ገብቶበት ሠሪ ቤት ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እስኪጠራ ግን ደም ግፊት ያለባት እናቴ ሽንዲ አጠገብ ባለችው መንደራችን ብቻዋን ናት። ቡሬ ገበያ የዋለ ጎረቤት ወሬውን በስልኩ ይዞ ገባ። ደግነቱ ወደ እሷ አልሄደም። እኛ ዘንድ መርዶ እንደ ተሰማ አይነገርም፤ መጀመሪያ ሽማግሌ ይመክርበታል። ስለዚህ ወደ እድሩ ዳኛ ሄደ።

ዳኛው ፎቶዬን አዩ፤ አስደወሉ፤ ስልኬ ዝግ ነው። ይሄኔ ሁሉም አመነ። እሳቸው ግን «ቀብር የቆመ ሰው ይምጣ፤ ያነበበ ሰው አያረዳም» አሉ።

በማግስቱ ሁለት ጎረቤቶቻችን ሬሳዬን ፍለጋ መጡ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ዘበኛ በጣቱ ወደ ክፍሌ አመለከታቸው። ታላቅየው ጠመኔ የያዘውን እጄን ጨብጠው አልለቅ አሉ።

«አንተ ጉደኛ፣ ትሞቃለህ እኮ!»

ሳቅሁ። ከዚያ እናቴ ትዝ አለችኝ።

«እሷስ ሰምታለች?»

«ሴቶቹ አብረዋት ናቸው» አሉኝ።

ስንደርስ ግቢያችን ሞልቷል። የመንደሩ ሴት ሁሉ በርበሬውን ተሸክሞ መጥቶ እናቴ ደጅ ይቀነጥሳል። ወሬኛ እንዳይደርስባት ከበዋት ነው ያደሩት። እግዜር ይስጣቸው፤ እናቴን ያቆዩልኝ እነሱ ናቸው።

እናቴ ምንም አታውቅም። «ምነው ልጄ፣ መልእክት ሳትልክ መጣህ?» አለችኝ። «እነዚህም ምን እንደ ነካቸው እንጃ፤ ውሃ ልቅዳ ብል እንኳ አላስወጣ አሉኝ።»

አንዷ እኔን ስታይ እንባዋ መጣና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሌሎቹም ተከተሏት።

«በርበሬው ነው፣ እትዬ» አለች ከነጠላዋ ስር።

እናቴ ወደ እኔ ዞራ የእኔንም እንባ አየች። «አንተስ? አንተ መች ቀነጠስህ?»

መሀላቸው ተቀምጬ መቀንጠስ ጀመርሁ።