ከጊታሪስቱ ካሴት የጠፋው አራት ሰከንድ

ሰፈሩ «የካሴት ሐኪም» ይለዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቪዲዮ ካሴት ሲጠግንና ሲገለብጥ ኖሯል። የሰርጉ፣ የልደቱ፣ የምረቃው ካሴት ሁሉ በእጁ አልፏል። አንድ የማይጥሰው ደንብ አለው፤ ካሴት ወደ ዴክ ከመግባቱ በፊት ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ይሰብራል። እሷ ከተሰበረች ዴኩ ያጫውታል እንጂ በላዩ አይቀዳም።

ያን ዕለት ጠዋት ግን ጨዋታ ያዘውና ዘነጋት።

ካሴቱን ያመጣችው የአንድ ሮክ ጊታሪስት እናት ናት። ልጇ ከሞተ ሰባተኛ ወሩ ነው። ቤት ውስጥ የሠራቸው እንግዳ ክሊፖችና ቃለ ምልልሶች ያሉት እዚህ ካሴት ላይ ብቻ ነው፤ ቅጂ የላቸውም።

ሐኪሙ ሽፋኑ ላይ ያለውን ፎቶ እያየ፣ «ጊታሩን በማንኪያ ነው እንዴ የሚመታው?» አላት።

«ማንኪያ አላስተረፈልኝም! ሾርባውን በምን ላማስል ብለው፣ በጊታር አለኝ።»

እየሳቀ ካሴቱን ከተተ። የወትሮው ዴክ የውስጥ ጎማ ቀበቶው ተበጥሶበት፣ ቁልፎቹ ቦታ በተቀያየሩ ሌላ ዴክ ተክቶት ነበር። ጣቱ ግን የለመደው ቦታ ላይ ሄዶ ተጫነ። ቀይ መብራት በራ። የነካው መቅጃውን ነው።

ማቆሚያውን ፈልጎ በመዳፉ መታው። ሲያቆመው አራት ሰከንድ ያህል ሄዷል።

«ምነው ጋሼ፣ አመመዎት?»

«ኧረ ደህና ነኝ።»

ካሴቱን አወጣ፤ ፕላስቲኳን አሁን ሰበራት። ምን ዋጋ አለው! በድንጋጤ መልሶ ከተተው፤ መሃል ላይ ቆሞ የመጣውን ካሴት እስከ መጀመሪያው አጠነጠነውና ከፈተው፤ የቀዳበት ቦታ ጠፋበት። ስክሪኑ ላይ ነጭ ጭረት ተርመሰመሰ፤ ጨለመ፤ ደግሞ ተርመሰመሰ። ልጁ ምስሉን ሆን ብሎ የሚያበላሽ ሰው ነበር። የትኛው ጨለማ የልጁ ሥራ፣ የትኛው የራሱ ጥፋት እንደሆነ መለየት አቃተው። ዝም ቢልስ? የሚያውቅበት ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሷም አጠገቡ ተቀምጣለች።

«እህቴ» አለ። «አጥፍቻለሁ። በላዩ ቀዳሁበት። የቱ ጋ እንደሆነ አላወቅኩም።»

እናትየው ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። «ይሄ የሱ ነው» አለች። ሌላ ጨለማ መጣ። «ይሄም የሱ ነው። ያኔ ተበላሸ ብዬ ቴሌቪዥኑን በጥፊ ብየዋለሁ።»

ሐኪሙ መሳቅ አልቻለም።

ቃለ ምልልሱ ደረሰ። ልጁ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ አፉን ከፈተ፤ ስክሪኑ ጨለመ። ሲበራ ሌላ ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ ነበር።

«እዚህ ጋ ነው» አለች። «‹እማዬ፣ እጅሽ አይንቀጥቀጥ› ይለኝ ነበር። ካሜራውን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ሐኪሙ ካሴቱን አቆመና ጩኸቷን ጠበቀ። አልጮኸችም፤ ይሄ ይበልጥ አስፈራው።

«ቀሪውን ያሳዩኝ» አለች።

እጁን ዘረጋ። ጣቱ አልታዘዝ አለው። እናትየው ተነስታ ዴኩ ላይ ጎንበስ አለች።

«የቱ ነው ማጫወቻው?»

አሳያት። ራሷ ተጫነችው።