የመስፍኑ የበኩር ልጅ እናት

ካሊፎርኒያ፣ ካስትሮ ቫሊ ውስጥ ተቀጥሬ የማስታምማቸው ሽማግሌ ሐሳባቸው አንድ ነበር። ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ስኮትላንድ ውስጥ የኖረ አንድ መስፍን የበኩር ልጁን ከማን ወለደ? ከሕጋዊ ሚስቱ ነው ወይስ ከእሷ በፊት ከነበረችው ሴት? የአባታቸው ወገን ዘሩን የሚቆጥረው ከዚያ ልጅ ነው።

ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ ገና ዓመቴ ነበር። ጠዋት ገላቸውን አጥቤ ቁርስ ካበላኋቸው በኋላ፣ ዓይናቸው ስለደከመ የታሪክ መጻሕፍቱን አንብቢልኝ ይሉኛል። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ አነብላቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ያበሳጨኝ ነበር። የሞተ ሰው አልጋ መበርበር ምን የሚሉት ሥራ ነው? ኦክላንድ ስመለስ ለባሌ ብነግረው ሳቀብኝ። «አንቺ ምን አገባሽ፣ ሺፍትሽን ጨርሰሽ ውጪ» አለኝ።

አንድ ቀን ግን ሰልችቶኝ፣ በእኛ አገር ድሮ እንዲህ ያለ ነገር ይህን ያህል አያደክምም ነበር አልኳቸው። እናት ልጁ የእገሌ ነው ብላ ከማለች አለቀ። አባትየው ወደደም ጠላም ልጁ ነው፤ ዲቃላ እያሉ ቢሰድቡትም ከሚስት ልጆች እኩል ርስት ይካፈላል።

ሽማግሌው መጽሐፉን ዝጊው አሉኝ።

«የእኔ እናትም ምላ ነበር» አሉኝ። «የአባቴ ቤተሰብ ግን በሩን አልከፈተላትም።»

ከዚያ ሁሉንም ነገሩኝ። አባታቸው ሚስትና ልጅ የነበረው ሰው ነው፤ እሳቸውን ከውጭ ወልዶ ሳይቀበላቸው ሞተ። የሚስቱ ልጅ ዛሬም አልባኒ በምትባል ከተማ ይኖራል፤ ወንድሜ ብሎ አያውቅም፣ በመስፍን ዘርነቱ ግን ይኮራል። የመስፍኑ በኩር ከሌላዋ ሴት ከሆነ፣ ያ ሁሉ ኩራት የተነሣው እንደ እሳቸው ካለ ልጅ ነው ማለት ነው። የፈለጉት ይህንን ለወንድማቸው መንገር ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሳልነጫነጭ አነበብኩላቸው። እሑድ ቸርች ሄጄም ጸለይኩበት። እግዚአብሔር ሰውን ዲቃላ አድርግልኝ ተብሎ ሲለመን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

በዚያው ክረምት ነገሩን እንዲያጣሩላቸው የጠየቋቸው ምሁር ከስኮትላንድ ደወሉ። የሽማግሌው ጆሮ ስለደከመ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌው እኔም ሰማሁ። የልጁን እናት የሚያረጋግጥ ምንም ነገር የለም፤ አይታወቅም፣ ወደፊትም የሚታወቅ አይመስልም አሉ። ሽማግሌው በትሕትና አመሰገኑ። ምሳቸውን ግን አልነኩትም። አንጀቴን በሉት።

ከሰዓት በኋላ ለወንድሜ ደውይልኝ አሉኝ።

«ምን ሊሉት ነው?» አልኳቸው።

«አይታወቅም ልለው ነው። ካልታወቀ እኮ እሱም እርግጠኛ መሆን አይችልም።»

ይህም ተስፋ ሆኖ መታየቱ አሳዘነኝ። ቢሆንም ደወልኩ። የሽማግሌ ድምፅ ሄሎ አለ።

«እኔ ነኝ» አሉ የእኔው ሽማግሌ።

«ማን ልበል?»

አፋቸውን ከፈቱ። ስማቸውን ይሉ እንደሆነ ጠበቅኩ፤ ካልሆነም የአባታቸውን። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣቸውም። ሰውየው ደግሞ ጠየቀ፤ መልስ ሲያጣ፣ ቁጥር ተሳስተዋል ብሎ ዘጋው።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ለተዘጋው ስልክ ይቅርታ ጠየቁ።