የመኪናዬ ጣሪያ ላይ የታሰረው ሳጥን

ያኔ ዓለም ከተማ ነበርኩ። አሮጌ ቶዮታዬን ግቢዬ ውስጥ ራሴው እፈታታታለሁ። እንድታገሳ የጭስ ማውጫዋን ማርሚታ፣ ዝቅ እንድትል ሞላዋን ቆርጬላታለሁ። በመጨረሻ ትልቅ የስፒከር ሳጥን ሠራሁላት። ውስጥ አልገባ ቢለኝ አቧራ እንዳይነካው በነጭ አቡጀዲ ጠቅልዬ ጣሪያዋ ላይ አሰርኩትና ለጉራ ወደ ትውልድ መንደሬ ነዳሁ።

መብራት አብርቼ፣ ጡሩንባ እያስጮህኩ ገባሁ። በእኛ አገር እንዲህ ሆኖ የሚገባው ሬሳ የጫነ መኪና መሆኑ እንዴት እንደጠፋኝ እንጃ! መንደሩ በአንዴ ዋይታ ሆነ። ልጃቸው አዲስ አበባ ታሞ የተኛባቸው ጎረቤታችን ጋሽ ታዬ ጋቢያቸውን ጥለው ሮጡ። መኪናዋን ዝቅ አድርጌያት የለ? ሳጥኑን ለማቀፍ አልራቃቸውም።

«ጋሼ፣ ልጅዎ አይደለም» አልኩ።

ለቅሶው ቆመ። «ታዲያ የማንን ልጅ ነው ያመጣህብን?» አለች አንዷ እናት።

ሁሉም እናት አፌን ታያለች።

«ዘፈን ነው» አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ።

ጋሽ ታዬ ሳጥኑን ሳሙት። «ተመስገን! በል ክፈተው፤ ያስለቀስከውን ሰው አስጨፍር!»

ሰው ክብ ሠርቶ ማጨብጨብ ጀመረ። ሽቦውን አያይዤ ከፈትኩት። የሠራሁት እኔ አይደለሁ? ሳጥኑ እንደ ሬሳ ጭጭ አለ።