አጎቴ ቅርብ አገር ሲመርጡ

አባቴ በሞቱ ሳምንት አጎቴ ከጅቡቲ መጡ። የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ በወጣትነታቸው ወጥተው እዚያው ቀርተው፣ አሁን ከወደቡ ዕቃ የሚያነሱ የጭነት መኪኖች አሏቸው። ቀብሩ ላይ አልደረሱም። እኛ ከተማ ሐይቅ ሲገቡ ግን ድንኳኑ ገና አልተነሳም ነበርና እንደ ማንኛውም ለቅሶኛ ገብተው ዱዓ አደረጉ። ከዚያ አጠገቤ ቁጭ አሉ።

ሰው ሁሉ «አብሽሪ፣ ሶብር አድርጊ» ይለኛል፤ እኔም እሺ እላለሁ። አላለቀስኩም። ጎረቤቶች ጠንካራ ናት እያሉ እንደሚያወሩ እናቴ ነግራኛለች። ጥንካሬ ግን አልነበረም። ሰው ተጭኖት የተኛበት ክንድ እንደሚሆነው ነበር፤ እንዳለ ይታወቃል፣ አይሰማም።

ለአጎቴ እሠራ ነበር። ደሴ ሶፍትዌር ተምሬ ስመለስ የመኪኖቻቸውን ጉዞ የሚከታተል ፕሮግራም እንድሠራላቸው የጠየቁኝ ራሳቸው ናቸው። ሾፌሩ ጭነት ሲያነሳ፣ ኬላ ሲያልፍ፣ ሲያራግፍ ስልኩን ይነካል፤ እሳቸው ጅቡቲ ሆነው ያያሉ። ሥራዬ ከሐይቁ ብዙ በማትርቅ አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ መብራቱም ኔትወርኩም ጠፋ። ከዚያም በኋላ ኢንተርኔት ሲመጣ ሲሄድ ቆየ። ፕሮግራሙ በተበላሸ ቁጥር አጎቴ መኪኖቻቸውን በስልክ እየደወሉ ሲፈልጉ ይውሉ ነበር።

ለአባቴ ሰደቃ ባወጣን ማግስት፣ ምሳ በልተን እናቴ ሳህን ስታነሳ፣ «ሥራውን ለሌላ አገር ልሰጠው ነው» አሉኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። «ሩቅ አገር አልፈልግም። ነገር ሲበላሽ ሄጄ ፊት ለፊት የማናግረው ሰው ነው የምፈልገው። ግብፅ አንድ ድርጅት አለ፤ ናይሮቢም አንድ አለ።»

እናቴ ሳህኑን እንደያዘች ቆመች። «ቅርብ ከፈለጉ ሐይቅ አይቀርብዎትም?»

«መንገዱማ ይቀርባል» አሏት። «እሷ ምንም አላጠፋችም። ኔትወርኩ ነው። መርከብ ደግሞ ኔትወርክ እስኪመጣ አይጠብቅም።»

እኔን አዩኝ። «ልክ ነዎት» አልኩ። ልክም ነበሩ። ይልቅ ያስገረመኝ ምንም አለመሰማቴ ነው። ያቺን ፕሮግራም ስንት ዓመት ስደክምባት ኖሬ፣ ጨው አቀብዪኝ የተባልኩ ያህል ነበር።

አጎቴ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ይናገራሉ፤ እንግሊዝኛ አይችሉም። ስለዚህ ሁለቱን ድርጅቶች በቪዲዮ ሲያነጋግሩ አብሬያቸው እንድቀመጥ ለመኑኝ። ወደ ክፍሌ ይዣቸው ሄድኩ። ዕድል ሆኖ የዚያን ቀን ኔትወርክ ነበረ። የግብፁ ሰውዬ ከእሳቸው ጋር በዓረብኛ ተሳሳቁ፤ ለተጠየቁት ሁሉ ይቻላል፣ ኢንሻአላህ ይቻላል አሉ። የናይሮቢዋ በእኔ ዕድሜ የምትሆን ሴት ናት። ብዙ አትስቅም። ሰላምታ እንዳለቀ «ሾፌሩ ኔትወርክ የሌለበት በረሃ ውስጥ ሲሆን ምን ያደርጋል?» ብላ ጠየቀች። እኔ ያንን ጥያቄ የጠየቅሁት ፕሮግራሙ ብዙ ጊዜ ካሳፈረኝ በኋላ ነው።

ኮምፒውተሩን ስንዘጋ አጎቴ «የቱ ይሻላል?» አሉኝ።

«የናይሮቢዋ።»

«ከልብሽ ነው?»

«ከልቤ ነው። ሰውዬው አልጠየቁም። እሷ ጠየቀች።»

አጎቴ «አላህ ይስጥሽ» አሉ። ከዚያ ጅቡቲ መጥቼ ቢሯቸው ውስጥ እንድሠራ ጠየቁኝ። እናቴን ብቻዋን ትቼ አልሄድም አልኳቸው። አላስጨነቁኝም።

እሳቸው ከተመለሱ በኋላ ሥራውን ለናይሮቢዋ ልጅ ማስረከብ ነበረብኝ። ኔትወርክ ባለ ቀን ትደውላለች፤ እኔ የጻፍኩትን ፕሮግራም ከፍታ መስመር በመስመር ትጠይቀኛለች። የክፍሎቹን ስም አብዛኛውን በአማርኛ ነበር የጻፍኩት፣ በእንግሊዝኛ ፊደል። አንድ ቀን «ይሄ አቧራ የሚለው ምንድን ነው?» አለችኝ። ሾፌሮቹ ስልካቸው ከኔትወርክ ጠፍቶ ቆይቶ ሲመለስ አቧራ ውስጥ ነበርኩ ስለሚሉ፣ ያልተላከው መረጃ ተጠራቅሞ የሚቆይበትን ቦታ እንደዚያ እንዳልኩት ነገርኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

«ስሙን ልተወው ወይስ ልቀይረው?»

«እንደፈለግሽ» አልኳት።

በሌላ ቀን ከቤት ሆኜ ሳወራት ከውጭ የቁርኣን ድምፅ ገባባት መሰለኝ፣ በዓል ነው ወይ አለች። አይ፣ አባቴ ሞተው ነው፣ ሰዎች ለዱዓ እየመጡ ነው አልኳት። «መቼ?» አለች። ነገርኳት።

«እኔ እኮ በየቀኑ እየደወልኩ ሳስቸግርሽ ነበር። ለምን አልነገርሽኝም? እናቆየው ነበር።»

«ሥራው አይቆይም» አልኳት።

መስመሩን አልዘጋችውም። ሁለታችንም እዚያው ተቀምጠን የእሷ ከተማ የመኪና ጥሩምባ ይሰማኝ ነበር። ለሷም ከኔ በኩል የሚሰማት ነገር ሳይኖር አይቀርም። ከዚያ «እንቀጥል?» አለች፤ ቀጠልን።

ስናበቃ የተከራየሁትን ክፍል ለአከራዬ መለስኩ። ወንበሩንና ጠረጴዛውን በጋሪ ወደ ቤት አስጫንኩ። አሁን ውጫሌ አንድ ቢሮ ውስጥ የገበሬዎችን የመሬት መረጃ ወደ ኮምፒውተር አስገባለሁ። ጠዋት በሚኒባስ እሄዳለሁ፤ ማታ በሚኒባስ እመለሳለሁ። ሥራው አይከብድም። መብራት ሲጠፋ ሁላችንም ወጥተን ደጅ እንቀመጣለን፤ የሚቆጣም የሚደውልም የለም።

ባለፈው አጎቴ ደውለው አዲሱ ፕሮግራም በደንብ እየሠራ እንደሆነ ነገሩኝ። «ጥሩ መርጠሽልኛል» አሉ። እናቴ አጠገቤ በቆሎ እየፈለፈለች ነበር፤ ስልኩን ስዘጋ ቀና ብላ አየችኝ።

«ከፋሽ?»

«አልከፋኝም።»

«ደስ አለሽ?»

«እንጃ እማ።»

አልገፋችበትም። በቆሎውን ወደኔ ጠጋ አደረገችልኝና አብሬያት መፈልፈል ጀመርኩ። ነገ ከውጫሌ ስመለስ ሳሙና እንዳልረሳ ነገረችኝ።