አምስተኛው አባት

ላቦራቶሪ የገባሁ ቀን አለቃዬ ነጭ ጋዎን አልብሶ አንድ ፊንላንዳዊ መምህር ፊት አቆመኝ። የዘር ምርመራ ሊያስተምረን ጎንደር የመጣ ሽበታም ሰውዬ ነበር። ጥጥ የተጠቀለለበትን እንጨት ጉንጩ ውስጥ አሽከርክሮ አወጣና «በእኔ ጀምሪ» አለኝ።

ሥራችን ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚወርደውን የዘር ምልክት መፈለግ ነው። ሴት ይህ ምልክት የላትም። «የሌለሽን ስትፈልጊ ኖርሽ» እያለ ባሌ ዛሬም ይስቅብኛል።

የመምህሩ ምልክት ሲወጣ ካርታ ዘረጋ። ከሳይቤርያ ተነሥቶ እሱ ዘንድ መድረሱን፣ ሩስያ ውስጥ በቮልጋ ወንዝ አካባቢ የሚኖሩ ኡድሙርት የሚባሉ ሕዝቦችም እንዳላቸው፣ ቋንቋቸውም የእሱ ዘመድ እንደሆነ ነገረኝ። «ሃንጋሪዎችም በቋንቋ የእኛው ናቸው፤ ምልክቱ ግን ከስንት አንዱ ላይ ነው የሚገኘው» አለ።

«ታዲያ ዘመድ አይደሉማ?»

«ማን ከልክሏቸው!» ብሎ ሳቀ።

እኔስ አፌን ያዝኩ። ያን ሁሉ ሺህ ዓመት፣ ያን ሁሉ በረዶ አልፎ፣ በዓይን የማይታይ ነገር ከአባት ለልጅ! የአባቶቹን ስም ስጠይቀው ግን ከአያቱ አላለፈም። እኔ ሰባት ቤት ቆጠርኩለት። አሁን አፉን የያዘው እሱ ሆነ።

ሰባት ቤት የምንቆጥረው ለጋብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተገናኘ አይጋባም። የወንድሜ ልጅ ጌትነት የዛሪማዋን ብርቱካን ሊያገባ ሲል፣ የቤታችን ዘር ቆጣሪ አያ ደስታ ቆጠሩና ሁለቱ በስድስተኛው አባት፣ በተድላ፣ ተገናኙ። ሠርጉ ቀረ ተባለ።

ጌትነት የልጅቱን ወንድም ይዞ ላቦራቶሪ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። «አክስቴ፣ ያለ እሷ መኖር አልችልም። መርምሪን።» ሁለቱም ፈቅደው ጥጡን ሰጡ።

ውጤቱን ደጋግሜ አየሁት። ምልክታቸው ጨርሶ አይገናኝም። ለልጆቹ ደስ አለኝ፤ ግን ከሁለቱ ቤት የአንዲት ሟች ሴት ስም፣ ከባሏ ውጭ ወልዳለች ተብሎ ሊነሣ ነው ብዬ ፈራሁ። ቁስቋም አያ ደስታ ቤት ሄጄ በር ዘግቼ ነገርኳቸው።

አልደነገጡም። «የጌትነት አምስተኛ አባት፣ ቢሻው፣ የጡት ልጅ ነበር። ተድላ አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ አጥብቶ፣ ልጄ ነው ብሎ ያሳደገው።»

«ምነው አያ፣ ያኔ አይናገሩም ነበር?»

«ምን ብዬ ልናገር? ልጁ ነዋ!» ተቆጡ። ቆይተው «ሸጋ፣ ደማቸው ካልተገናኘ ይጋቡ። ለሽማግሎቹ እኔ እነግራለሁ። ግን ቢሻውን ከተድላ የሚነጥል ሰው ዓይኑን እንዳላይ» አሉ።

ሃንጋሪዎቹ ትዝ አሉኝ።

በሠርጉ ቀን ጌትነት ሽማግሎቹ ፊት ቆሞ አባቶቹን ቆጠረ። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ወደ አያ ደስታ ዞርኩ። «ቢሻው ተድላ!» አለ ጮክ ብሎ። አያ ደስታ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

እናንተ ከእኔ በኋላ የምትሠሩ፣ ምርመራው የሚያሳየው ምልክቱ በየት እንደመጣ ነው። ማን ማንን ልጄ እንዳለ አያሳይም። እሱን ሄዳችሁ ሰው ጠይቁ።