አይቼ ያለፍኳቸው ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች

የበለጠኝ በእጄ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ልጅ ስለው ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ እኔ አርባን አልፌያለሁ። መገናኛ አካባቢ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ባትሪ የምንገጥምበት ወርክሾፕ ሲቀጠር ካቻቢቴ አያያዝ እንኳ አያውቅም ነበር። «ጋሼ» እያለ ሥር ሥሬ ሲል ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን አውቄ።

በሁለተኛው ዓመት አለቃችን አያት ላይ ሌላ ወርክሾፕ ሊከፍት መሆኑን ነገረን። ኃላፊውን ከሁለታችን አንዱን እንደሚያደርግም አልደበቀም። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ታዲያ ሌላ ማን ይሾማል? አለቃችን ግን ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ልጁ የት ሄደ?» ማለት ጀመረ፣ ያውም እኔ ፊቱ ቆሜ። ልጁ ምሳ ላይ ሹሮው ይጣፍጣል ቢል እንኳ ራሱን ያሞገሰ ይመስለኝ ነበር።

እንዲህ እያለን ቦሌ አራብሳ ላለ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ባትሪ እንድንገጥም ተላክን። በእኛ ቤት ደንብ አለ፤ የሠራ ሰው ለራሱ ሥራ አይፈርምም። አንዱ ይገጥማል፣ ሌላው አይቶ ወረቀቱ ላይ ይፈርማል። ያን ቀን ገጣሚው እሱ፣ ፈራሚው እኔ ነበርኩ።

ከባትሪው የሚወጣውን ከረንት የምንለካው ሻንት በምንለው አጭር የብረት ቁራጭ ነው። ዳርና ዳር ባሉት ትልልቅ ብሎኖች ወፍራሙ ኬብል ይታሰራል። ወደ ማሳያው የሚሄዱት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ግን ወደ ውስጥ ገባ ብለው ባሉት ትንንሽ ቪቴዎች ላይ ብቻ ነው የሚታሰሩት። ከወፍራሙ ኬብል ጋር አንድ ብሎን ላይ ከዋሉ፣ መለኪያው የመጋጠሚያውንም ጣጣ አብሮ ይቆጥርና ያላለፈውን ከረንት አለፈ ይላል፤ ብሎኑ ላላ ካለማ አይጣል ነው። ይህን ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ሁለቱም ቀጫጭን ሽቦዎች ከትልልቆቹ ብሎኖች ሥር ተወትፈዋል።

«ጋሼ፣ አየህልኝ?» አለኝ እጁን እየጠረገ።

«ጥሩ ነው» አልኩና ፈረምኩ። በቅናት ነው ያደረግሁት፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። ቁጥሩ ብቻ ነው የሚሳሳተው፣ ማንም አይጎዳም እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። አለቃው ፊት ሲያፍር ማየት ፈልጌ ነበር። ጉድጓድ ስትምስ አርቀህ አትማስ የሚባለውን ያን ሰዓት ማን ያስታውሰዋል።

በሦስተኛው ቀን ከክሊኒኩ ተደወለ። ማሳያው ባትሪው ቶሎ ቶሎ እያለቀ ነው ይላል፤ ሰዎቹም አሮጌ ባትሪ ሸጣችሁልን ብለው ተቆጥተዋል። ሦስታችንም ሄድን። አለቃችን በራሱ መለኪያ ሲለካው ሃያ አምፔር ነው፤ ማሳያው ላይ ሠላሳ አንድ። ክዳኑን ከፈተና ወዲያው ነቃበት።

«ማን ነው የገጠመው?»

«እኔ ነኝ» አለ ልጁ። «ተሳስቻለሁ፤ አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ።»

አለቃችን ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ አላየኸውም?»

አይቻለሁ ብል ክፉ ነኝ፤ አላየሁም ብል ሙያ የለኝም። «አላየሁትም ኢንጂነር» አልኩ። ዘጠኝ ዓመቴ በአንድ ቃል ገደል ገባ።

ልጁ ከሥራው ቀና ብሎ «ጋሼን እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠውም» አለ። «ያን ቀን አሞት መሆን አለበት።» አላሾፈም፤ ከልቡ ነበር።

የአያቱ ወርክሾፕ ለእሱ ሆነ። አለቃችን በመኪናው ይዞን ሲመለስ ነገረን፤ ቢያንስ ጥፋቱን ያምናል ከማለት ሌላ ምክንያት አልሰጠም። እንኳን ደስ አለህ አልኩት፣ ጥርሴን ነክሼ። እስከዚያ ቀን የምቀናው በእጁና በዕድሉ ነበር። መገናኛ ስንወርድ ልጁ ቦርሳዬን ተቀበለኝና «ጋሼ፣ አሁንስ ተሻለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ፊቱን አየሁት፤ ምንም አልጠረጠረም። ሰውን እንዲህ ማመን መቻሉ ከሹመቱ ይልቅ አስቀናኝ።

«ተሽሎኛል» አልኩት።