አባቴ «አልችልም» ያሉበት እሑድ

ባለፈው የገበያ ቀን መካነ ሰላም ከተማ ላይ አንድ ሰው ድምፅ ማጉያ ይዞ በጠርሙስ የሞላውን የቅጠል ጭማቂ ሲሸጥ አየሁ። ስኳሩን፣ ደም ግፊቱን፣ ኩላሊቱን እየጠራ ቆየና መጨረሻ ላይ «ኤችአይቪንም ከሥሩ ይነቅላል» አለ። የወጣሁት ድንች ልገዛ ነበር። ግን እግሬ አልሄድ ብሎኝ እዚያው ቆምኩ። ሰውየውን እያየሁ የማስበው አባቴን ነበር።

አባቴ ተሾመ መድኃኒት አዋቂ ነበሩ። ቤታችን ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ አቅጣጫ በእግር ግማሽ ቀን ያህል ያስኬዳል። ገበሬም ነበሩ፤ ገብስና ባቄላ ያርሱ ነበር። ነገር ግን እባብ የነከሰው፣ ሆዱን የቆረጠው፣ ችፌ ያስቸገረው ሁሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ በበቅሎ እየተጫነ የሚመጣው ወደ እኛ ነበር። ጓዳችን የደረቀ ቅጠልና የጥቁር አዝሙድ ሽታ አይለየውም። ዛሬም ያ ሽታ ድንገት ሲመጣብኝ ልጅነቴ አብሮት ይመጣል።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው የኤችአይቪ መድኃኒት ወደ አካባቢያችን አዲስ በመጣበት ሰሞን ነው። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ተቀምጫለሁ። የአባቴ ታናሽ እህት ብርቄ ከአረብ አገር ተመልሳ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። እየከሳች ስትሄድ ተያይዘን መካነ ሰላም ሐኪም ቤት ሄድን፤ ተመረመረች፤ ቫይረሱ ተገኘባት። ሁላችንም ሲስተር የምንላት ነርስ ኪኒኑን ስትሰጣት አንድም ቀን እንዳታቋርጥ ደጋግማ ነገረቻት። አጠገቧ ነበርኩና ሰምቻለሁ።

ኪኒኑ መጀመሪያ አልተስማማትም። ያዞራታል፣ ያቅለሸልሻታል፣ ሌሊት ትቃዣለች። እናቴ የምትሠራላትን አጥሚት እንኳ ቀምሳ ትመልሰዋለች። አባቴ እህታቸውን እንዲያ ሆና ማየት አልቻሉም። ከገደሉ የተክል ሥር ቆፍረው አመጡ፤ አድርቀው፣ ወቅጠው በማር ለወሱላት። ሁለት መድኃኒት ባንድ ላይ ስለማይሆን ኪኒኑን እንድትተወው ነገሯት። የሲስተር ማስጠንቀቂያ ጆሮዬ ላይ ነበር። ግን በቤታችን የአባቴን ቃል መሻር አይታሰብም፤ ዝም አልኩ። ያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ነገሩን ያከፋው ብርቄ የተሻላት መምሰሏ ነው። ኪኒኑን ስትተው ማቅለሽለሹ ቆመ። በላች፤ ፊቷ ፈካ። ብዙም ሳይቆይ ከእኛ ጋር ባቄላ ታርም ጀመር። አገሩ ሁሉ፣ ታማሚዋ ማን እንደሆነች ባያውቅም፣ የተሾመ መድኃኒት ኤችአይቪን አሸነፈ አለ። ወሬው ደጎሎ ደርሶ ከዚያ አንድ ሰውዬ መጣና ዱቄቱ ተሰጥቶት ሄደ። አባቴ በዚያ ሰሞን ቀና ብለው ነበር የሚራመዱት። ምን እዋሻለሁ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ነሐሴ ሲገባ ሳል ጀመራት። አፏ ውስጥ ነጭ ነገር ወጣ፤ ምግብ መዋጥ አቃታት። አባቴ የዱቄቱን መጠን ጨመሩ፤ ደግሞም ጨመሩ። አንድ ጠዋት ሥር ሊቆፍሩ ሲወርዱ ተከተልኳቸው። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበርና ጭቃው ከዶማው አልላቀቅ ይላል።

«አባባ፣» አልኳቸው፣ «እባብ የነከሰውን ሲያድኑ አይቻለሁ። ከዚህ በሽታ ግን ያዳኑት ሰው አለ?»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ጭቃውን ከዶማው ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«የለም» አሉ። «አባቴም ይህን አላስተማሩኝም። እኔው ነኝ የሞከርኩት።»

ሥሩን ሳያወጡ ተመለሱ። በማግስቱ ብርቄን በቅሎ ላይ አስቀምጠን ወጣን፤ እሳቸው እየጎተቱ፣ እኔ ከጎን እየደገፍኩ። የዚያን ክረምት መንገድ አልረሳውም፤ ጥቁሩ አፈር እግር ይውጣል። አባቴ በየአቀበቱ «አብሽሪ፣ ደርሰናል» ይሏታል፤ ገና ግማሹንም አልሄድንም።

ሲስተር ፊት ሲቀርቡ ሰበብ አልፈለጉም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ኪኒኑን ያስተዋት እሳቸው እንደሆኑ ተናገሩ። የሰጧትን ሥር፣ መጠኑን፣ ስንት ጊዜ እንደወሰደች አንድም ሳያስቀሩ ዘረዘሩ። ሲስተር አልተቆጣችም፤ እየጻፈች አዳመጠቻቸው። ከዚያ ኪኒኑ ቫይረሱን ፈጽሞ ባያጠፋውም እንዳይራባ አድርጎ እንደሚይዘው፣ የመጀመሪያው ሰሞን ማቅለሽለሽም ብዙውን ጊዜ እየቆየ እንደሚለቅ አስረዳቻቸው። እስከ መቼ እንደሚዋጥ ጠየቋት። ዕድሜ ልክ ነው አለቻቸው።

«ዕድሜ ካገኘች ታዲያ መዋጡ ምን ይከብዳል» አሉ አባቴ።

ብርቄ ተኝታ ታከመች፤ ሳሉ ለቀቃት፤ ኪኒኑንም እንደገና ጀመረች። እህል በሚያሸትበት ወቅት፣ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲጨዋወት አባቴ ተነሥተው ቆሙ። በሰው ፊት መናገር የማይወዱ ሰው ነበሩ። 

«ለእባብም ለቁርጠትም ኑ፤ ቤቴ ክፍት ነው» አሉ። «ለኤችአይቪ ግን አልችልም። የእሱ መድኃኒት ያለው መካነ ሰላም ነው። ኪኒኑን አስትቼ አንድ ሰው ልገድል ነበር።»

ስም አልጠሩም። ከሴቶቹ መካከል ግን ብርቄ ነጠላዋን አስተካክላ ብድግ አለች።

«ያ ሰው እኔ ነኝ» አለች።

 አንዲት ባልቴት እጇን ይዘው ሳብ አደረጓትና አጠገባቸው አስቀመጧት።

ከዚያ በኋላ ወደ ቤታችን የሚመጣው ሰው ቀነሰ። አባቱ የሰጡትን ዕውቀት አዋረደ ብለው ያኮረፏቸው ነበሩ። በሌላ በኩል በስውር መጥተው «አብረውኝ ይሂዱ» የሚሏቸው ሕመምተኞች ነበሩ፤ አባቴም በቅሏቸውን ጭነው ይሸኟቸዋል። የደጎሎውን ሰውዬ ግን አገሩ ድረስ ሄደው ቢፈልጉት አላገኙትም። እስኪሞቱ ድረስ ያነሱት ነበር።

አባቴ ካረፉ ቆዩ። ብርቄ አለች፤ ኪኒኗን አንድ ቀን አታዛንፍም፤ በምርመራም በደሟ ውስጥ ቫይረሱ አይታይም ብለዋታል። አግብታ የወለደቻት ልጅ ከቫይረሱ ነፃ ናት፤ ዘንድሮ ደሴ ትማራለች። በቀደም ለት ሽንብራ እየለቀምን ሳለ ወንድሟን ተቀይማቸው ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ለምን ብዬ?» አለችኝ። «ሲሳሳትም ሲመልሰኝም ለእኔ ብሎ ነው። በሰው ፊት ቆሞ ጥፋቴ ነው የሚል ወንድም ያላት ስንት ሴት አለች?»

ቀና ብዬ አየኋትና ሽንብራዬን መልቀሜን ቀጠልኩ። ሰዎች የማን ልጅ እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ የአባቴን ስም ድምፄን ከፍ አድርጌ የምጠራው ለዚህ ነው።